ሆድሽን ከማሰርሽ በፊት



ውድ አንባቢያን፤ የዛሬው ርዕሳችን ሰው በተሰበሰበበት የማይነሳ ጉዳይ ነው። መጽሔቷን ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ የማንበብ ልማድ ያለው አባወራ እዚህች ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ፣ ወይም ገጿን ገልብጦ ሊያልፍ ይችላል። እባክህ ወንድሜ አትለፋት። ጉዳዩ የሚስትህ፣ የእናትህና የእህትህ ነው፤ ከመካከላቸው አንዷ ይህ ችግር ኖሮባት ለአንተ ያልነገረችህ ልትኖር ትችላለች።

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ በወላይታ ሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን ስትጓዙ በስተቀኝ የአባያን ሐይቅ፣ በስተግራ የጋሞን ተራሮች ይዛችሁ ላንቴ ትደርሳላችሁ። ሙዝ የሞላበት ቆላ ነው። መንገድ ዳር ሙዝ ደርድረው የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ እህቶች አንዷ በጤና ሙያ ላይ መሆኔን ሰምታ ኖሮ ጠጋ ብላ ያነጋገረችኝን ነው ዛሬ የማወጋችሁ። ስሟን አልጠቅስም፤ እሷም ይህንን ቃል አስገብታኛለች።

«ሲስተር፣ ሆዴ አልገባ አለኝ» አለችኝ። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ዓመት አልፏታል። በአራስነቷ እናቷ በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራታለች። በኋላም አዲስ አበባ ያለች ዘመዷ የጎማ ቀበቶ ላከችላት፤ እሱን ታጥቃ ትውላለች። ማታ ማታ ደግሞ ልጆቹ ሲተኙ ወንድሟ ያሳያትን ሲታፕ ትሠራለች። ሆዷ ግን ከእምብርቷ በታች ገፋ ብሎ ቀርቷል። ሰው ባያት ቁጥር «ደግሞ ያዝሽ እንዴ?» ይላታል።

ይህን ከነገረችኝ በኋላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ቆይታ ድምፁዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳስልና ስስቅ ያመልጠኛል። ከባድ ነገር ሳነሳም እንደዚያው ነው። ተራዊሕ መስጊድ ሄጄ መስገድ ከተውኩ ሁለት ረመዳን ሆነኝ» አለችኝ። ለባሏ ያለችው «ልጆቹን የሚጠብቅልኝ የለም» ነው።

እሷ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን የነገረችኝ መስሏታል፤ አንዱ የመልክ፣ ሌላው የበሽታ። እኔ ግን ስሰማት ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመነጩ ሆነው ታዩኝ። እንዲያውም ለመጀመሪያው ብላ የምታደርገው ነገር ሁለተኛውን እያባባሰባት ነበር። ይህንን ገጽ ልጽፍ የተነሳሁትም በዚህ የተነሳ ነው። ሆዷን በማሰር ላይ ያለች እህት በየከተማውና በየገጠሩ አለች፤ ከሆዷ ሥር ያለውን ጡንቻ አጠንክሪ ያላት ሰው ግን የለም።

ከታች ያለው ወለል

ለመሆኑ የምን ጡንቻ ነው? ሆዳችንን እንደ አንዲት ክፍል ቁጠሩት። ጣሪያው ደረትንና ሆድን የሚለየው፣ ስንተነፍስ ከፍና ዝቅ የሚለው ጡንቻ ነው። ከኋላ የጀርባ አጥንትና ጡንቻዎቹ አሉ። ግድግዳው የሆድ ጡንቻዎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በጣም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከጎን ወደ ጎን ልክ እንደ መቀነት ዙሪያችንን የሚጠመጥም አንድ ስስ ጡንቻ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) አስቀድሞ ያስታጠቀን መቀነት ልትሉት ትችላላችሁ። ወለሉ ደግሞ ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ እስከ ጭራ አጥንት እንደ ጀልባ መረብ የተዘረጋው ጡንቻ ነው። የሽንት ፊኛው፣ ማህፀኑና የመጨረሻው አንጀት የሚያርፉት በዚህ ላይ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚባለው እሱ ነው። ሽንትን፣ ሰገራንና አየርን የምንቋጥረው በእርሱ ነው።

በእርግዝና ወቅት ይህ ወለል ለወራት ሸክም ይሸከማል። በወሊድ ጊዜ ደግሞ ለልጁ መውጫ ይሆን ዘንድ ከልኩ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ምጥ ከረዘመ፣ ልጁ ከከበደ፣ ወሊዱ ከተደጋገመ ላልቶ ይቀራል። በዚያው ጊዜ ከፊት ያለው የሆድ ግድግዳም ተወጥሮ መሐሉ ይሳሳል። ስለዚህ ወላድ ሴት የላሉባት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ግድግዳውና ወለሉ።

አሁን በእህል የተሞላ ጆንያ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ወገቡን በገመድ ጠብቃችሁ ብታስሩት እህሉ ወዴት ይሄዳል? ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይገፋል። የጆንያው የታችኛው ስፌት የላላ ከሆነስ? በዚያ በኩል ያፈስሳል። ጎማ ቀበቶ ታጥቃ የምትውለዋ፣ ትንፋሿን ይዛ ሲታፕ የምትሠራዋ እህታችን የምታደርገው ይህንኑ ነው። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በላላው ወለል በኩል መውጫ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሽንቱ ያመልጣል። እያደር ደግሞ «የሆነ ነገር ወደ ታች ወረደብኝ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ የማህፀን መውጣት የምንለው አንዱ ምልክት ነው።

እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በአራስነት ሳምንታት ሆድን በስሱ፣ ከዳሌ አጥንት ጀምሮ ወደ ላይ ደግፎ መያዝ ለወገብ ዕረፍት ይሰጣል። የምቃወመው ትንፋሽ እስኪያጥር ጥፍር ማድረጉን፣ ከዚያም አልፎ ቀበቶው የጡንቻውን ሥራ ይሠራልኛል ብሎ ዓመት ሙሉ መታጠቁን ነው። ቀበቶ ጡንቻ አያሳድግም። የተኛን ጡንቻም አያስነሳም።

ጡንቻዎቹ የሚነጋገሩ ናቸው

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ጤነኛ ሴቶች የዳሌ ወለል ጡንቻቸውን ብቻ ወደ ላይ እንዲስቡ አድርገው የሆድ ጡንቻዎቻቸውን በመሣሪያ ሲለኩ፣ የሆድ ጡንቻዎቹም ሳይታዘዙ አብረው ሲሠሩ ተገኙ። በተለይ ያ እንደ መቀነት የሚጠመጥመው ውስጠኛው ጡንቻ ተነሳ። በተቃራኒው ሆድ በልኩ ወደ ውስጥ ሲሳብ ወለሉም ይነሳል። ሁለቱ በአንድ ገመድ እንደተያያዙ የጉድጓድ ባልዲዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ራስሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ እህቴ። በጀርባሽ ተኚ፤ ጉልበቶችሽን አጥፊ። የሁለቱን እጆችሽን ጣቶች ከእምብርትሽ በታች፣ ከዳሌ አጥንትሽ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ አስቀምጪ። አሁን ሰው መካከል ሆነሽ አየር እንዳያመልጥሽ የምትቋጥሪ፣ በዚያው ሽንትሽንም የምትይዢ ይመስል ከሥር ወደ ላይ ሳቢ። መቀመጫሽን አታጥብቂ፤ ጭንሽንም አትግጠሚ፤ ትንፋሽሽን አትያዢ። በትክክል ከሠራሽው ከጣቶችሽ ሥር ቀስ ብሎ ጠበቅ የሚል ነገር ይሰማሻል። ሆድሽ ወደ ውጭ ከተገፋ ግን እያማጥሽ ነው ማለት ነውና ተዪው፤ እንደገና በቀስታ ጀምሪ።

ላንቴ ላይ ያቺ እህት ይህን ስትሞክር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ገፋች። በአራተኛው ጊዜ ዓይኗ ተከፈተ። «ውይ! አለ እኮ!» አለች። የጠፋባት ዕቃ የተገኘላት ያህል ነበር።

ታዲያ የማልሰጣችሁን ተስፋም ልናገር። ይህ እንቅስቃሴ የሆድ ስብ አያቀልጥም። ስብ የሚቀንሰው በአበላልና በእንቅስቃሴ ነው። የሆድ መሐል መከፈትን ብቻውን ይዘጋል የሚል ጠንካራ ማስረጃም አልተገኘም፤ ክፍተቱ በብዙ ሴቶች ዘንድ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት በራሱ ይጠብባል። የሚያደርገው ነገር ግን ውስጠኛውን መቀነት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ ወለሉንም ያጠነክራል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው የሆድ ስፖርት የሚያርፍበት መሠረት ያገኛል። ወለሉ ሳይጠነክር ሲታፕ መሥራት ግን፣ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት በፍጹም አልመክርም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አለመርሳቱ ነው። ፊኛሽን ባዶ አድርገሽ፣ በመጀመሪያ ተኝተሽ፣ ስትለምጂው ተቀምጠሽና ቆመሽ ከላይ እንደተነገረው ወደ ላይ ሳቢና ሦስት ወይም አምስት ሰከንድ ያዢ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂና የያዝሽውን ያህል ዕረፊ። መልቀቁም የሥራው ግማሽ ነው፤ ሁልጊዜ ተጨብጦ የሚውል ጡንቻ ይደክማል፤ ሕመምም ያመጣል። እንዲህ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ደጋግሚ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። በሳምንታት ውስጥ ወደ አሥር ሰከንድ ማድረስ ይቻላል። ሽንት በመሽናት ላይ ሳሉ አቋርጦ መለማመድ አንዳንድ ቦታ ሲመከር ይሰማል፤ ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ምንም አይደል፤ ልማድ ከሆነ ግን ፊኛውን ያውካል።

በተጨማሪ አንዲት ትንሽ ዘዴ አለች። ከማሳልሽ፣ ከማስነጠስሽ፣ እንስራ ወይም ልጅ ከማንሳትሽ በፊት አስቀድመሽ ወለሉን ወደ ላይ ሳቢ፤ ከዚያ ትንፋሽሽን እያወጣሽ አንሺ። ይህቺ ብቻዋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ታሳያለች። ጡንቻው ራሱ ለመጠንከር ግን ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል፤ ልክ ሊጀምር ሲል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አርኖልድ ኬግል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ስለዚህ እንቅስቃሴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠሩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ የመረመረ አንድ ትልቅ ግምገማ ደግሞ፣ በሳልና በሸክም ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል እንቅስቃሴውን ከሠሩት 56 በመቶው ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን እንዲህ ያሉት 6 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ያለ ኪኒን፣ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ነው እንግዲህ።

ሸክሙስ?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጡንቻውን ጠዋት አጠንክሮ ቀኑን ሙሉ በሸክም ማላላት ዋጋ የለውም። የላንቴ እህቶች ውኃ ይሸከማሉ፤ ሙዝ ይሸከማሉ፤ ልጅ ያዝላሉ። ወደ አርባ ምንጭ ዘልቃችሁ ከታች ከደኑ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው አቀበቱን የሚወጡትን ሴቶች ያላየ የለም፤ ጎንበስ ብለው ሲሄዱ ከሩቅ የምትታየው እንጨቷ ብቻ ናት። እናቶቻችን ጠንካሮች ናቸው እያልን እናሞግሳለን። ጥንካሬያቸውን ግን ማን ለካው?

አንድ የሚለካ ነገር ሰሜን ጎንደር ላይ ተለክቷል። በዳባት ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በምርመራ ከታዩት ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ በተለያየ ደረጃ ወደ ታች ወርዶ አገኘ። በቃል ሲጠየቁ ግን «አዎ፣ አለብኝ» ያሉት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ከዚህ ልዩነት የተወሰነው ችግሩ ገና ቀላል ሆኖ ስሜት ስላልሰጣቸው ነው፤ የቀረው ዝምታ ይመስለኛል። ጥናቱ ከችግሩ ጋር ተያይዘው ካገኛቸው ነገሮች መካከል የተራዘመ ምጥና በየቀኑ ለብዙ ሰዓታት ከባድ ነገር መሸከም ይገኙበታል። ዳባት ደጋ ናት፤ ላንቴ ቆላ ናት፤ ሸክሙ ግን ያው ሸክም ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ሚስትህ ስትወልድ አርባ ቀን ታርፋለች ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ለጠያቂ እንግዳ ሲባል በሁለተኛው ሳምንት ቡና ማፍላት፣ በሦስተኛው ጀሪካን ማንሳት ነው። ሐኪሞች ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ የሚመክሩት ለወጉ አይደለም፤ የተለጠጠው ወለል ያን ጊዜ እየተጠገነ ስለሆነ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መናገሯን በየጁሙዓው እንሰማለን። ውኃውን አንተ ብታመጣው ምን ትሆናለህ? ባለ አህያ ከሆንክ ደግሞ ምክንያትም የለህ።

አማትም ብትሆኚ እናቴ፣ «እኛ ወልደን በሳምንቱ እንፈጭ ነበር» ማለቱን ለአንድ ወር ብቻ ተዪልን።

ስለ ውዱእና ስለ ሐያእ

ያቺ እህት ተራዊሕን የተወችው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ጠሃራዬ ይበላሻል፤ ሶላቴ ተቀባይነት የለውም» ነበር ያለችው። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ለዓሊሞች ነው። ይሁንና ማንኛውም የፊቅህ ተማሪ የሚያውቀውን ልጠቁም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደም አላቋርጥ ብሏት ሶላት ልተው ወይ ብላ ጠይቃለች። ሶላቷን እንድትተው አልተነገራትም። የፊቅህ ሊቃውንትም ሽንቱ ለሚያመልጠው ሰው ከዚሁ ተነስተው ማቃለያ አውጥተዋል፤ ራሱን ያጸዳል፣ መጠበቂያ ያደርጋል፣ ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ዝርዝሩ በየመዝሀቡ ይለያያልና ኡስታዝሽን ጠይቂ፤ ካፈርሽ ሚስቱን ጠይቂ። ያ ደም ወይም ያ ሽንት ከአላህ ፊት አያባርርሽም።

ሐያእ የኢማን አካል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) የሴት ልጅን የሕልም ነገር ፊት ለፊት ቀርባ መጠየቋንም አውቃለሁ። ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ዲናቸውን ለማወቅ ሐያእ ስላልከለከላቸው አመስግናለች። በመስጊዶቻችን የሴቶች ሐለቃ ውስጥ ስለ ሐይድና ስለ ኒፋስ በዝርዝር ይቀራል። ስለ ሽንት ማምለጥ አንድ ቀን ቢነሳ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጋብዛ ለግማሽ ሰዓት ብታስረዳ ምን ይጎዳል? ላንቴም ሆነ ሌላው ቀበሌ እነዚህ ሠራተኞች አሉት፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

በሌላ በኩል «አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ሌላ ስፖርት አያስፈልገውም፤ ሩኩዕና ሱጁዱ ይበቃል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በዚህ አልስማማም። ሶላት ዒባዳ ነው፤ በስፖርት ተመንዝሮ መቅረቡም ደስ አይለኝም። በሱጁድ ጊዜ ዳሌ ከሆድ ከፍ ስለሚል በወለሉ ላይ ያለው ሸክም ለጊዜው ይቀላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሸክሙ ቀለለ ማለት ጡንቻው ጠነከረ ማለት አይደለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰግዱ ኖረው ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ስንት አሉ! የእነሱ ሶላት ጎደለ ልንል ነው? ጡንቻው የራሱን ልምምድ ይፈልጋል።

እንቅስቃሴ የማይፈታው

አንድ ነገር በጥብቅ ለዩልኝ። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንቷ ሌትም ቀንም ያለማቋረጥ የሚፈስ እህት ካለች፣ ያ የጡንቻ መላላት ላይሆን ይችላል፤ ፊስቱላ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ፊስቱላ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ በልምምድ አይዘጋም፤ በቀዶ ጥገና ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለዚህ ነው። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ ዶክተር ካትሪን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሆስፒታሉ ግን በክልሎች ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን ለላንቴና ለአርባ ምንጭ የሚቀርበው ይርጋለም ያለው ነው። ሕክምናው በነፃ ነው። እዚያም ቢሆን ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ አንዳንድ ሴቶች ሲያስሉ ሽንት ስለሚያመልጣቸው፣ በፊዚዮቴራፒ የሚሰጣቸው ይኸው የዳሌ ወለል ልምምድ ነው።

ከብልትሽ ውጭ የሚዳሰስ እብጠት ካለ፣ ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥል ወይም ደም የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ወይም ሽንት አልወጣ ካለሽ ቤት ውስጥ አትለማመጂ። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካልሆነም ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሂጂ።

ይህ የሥነ ምግብ ገጽ ነውና ስለ ማዕድ ሳልናገር አልለፍ። ከሸክም ሌላ የሆድ ድርቀትም የዳሌ ወለል ጠላት ነው፤ በየቀኑ ማማጥ ወለሉን ወደ ታች መግፋት ነው። የጋሞ ማዕድ ለዚህ መድኃኒት አላጣም። ሀላኮ የሚባለው የሽፈራው ቅጠል ከኩርኩፋ ጋር ሲበላ፣ ባቄላና አተር ሲጨመርበት ሆድን ያለሰልሳል፤ ለጡንቻም ገንቢ ምግብ ይሆናል። ቆጮ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይገነባም። ሙዝም በሰፈራችሁ ሞልቷል፤ በደንብ የበሰለውን ብሉ፤ ጥሬው ያደርቃል። ጫትም ሆድ ማድረቁን የሚቅሙት ራሳቸው ያውቁታል።

ሽንት የሚያመልጣቸው ብዙ እህቶች ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ስህተት ነው። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጣዋል፤ ሰገራም ይደርቃል። መቀነስ ያለበት ውኃ ሳይሆን ፊኛን የሚያጣድፈው ቡና፣ ሻይና የቡና ቅጠሉ ሃይታ ቱኬ ነው። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃውን ከፋፍለሽ ጠጪ፤ በአንድ ጊዜ ሊትር ሙሉ ጨልጠሽ ተራዊሕ አትቁሚ።

ላንቴ ላይ ይህን ሁሉ ስንጫወት የእህታችን አማት ከጓሮ መጥተው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ኖሯል። እኔም አላየኋቸውም፤ ምራታቸውም ደነገጠች። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበራቸው። «ልጄ፣ እኔ ስምንት ወልጃለሁ። አሁን አርጅቻለሁ። ይህ የምትይው ለእኔም ይሠራል?» አሉኝ።

ይሠራል አልኳቸው፤ ዕድሜ አይከለክለውም፤ ጥቂት ወራት ብቻ ይጠይቃል። በጀርባቸው ተኙና ጉልበታቸውን አጠፉ። ምራታቸው እጃቸውን ይዛ ከእምብርታቸው በታች አስቀመጠችላቸው።